በእኔ ጥይት የታጠቀው ሰው

እኔ በተኮስሁት ጥይት ሌላ ሰው ሽጉጥ ታጠቀ። ለእኔ ፊሽካ ሰጡኝ።

ፒያሳ አንድ መጋዘን የምንጠብቅ ሁለት ሰዎች ነበርን። አሠሪያችን፣ ሽጉጡ አንድ ነው፣ የተሻለ የተኮሰ ይታጠቀዋል ብሎ ወደ ትክል ድንጋይ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለ ማሠልጠኛ ላከን። እኔ ከመካነ ብርሃን በላይ ነው የተወለድሁ፤ ጠመንጃ ይዤ ነው ጢም ያወጣሁ። ጓደኛዬ የቄስ ልጅ ነው፤ ከጽናጽል ሌላ ብረት ጨብጦ አያውቅም። በፈተናው ቀን ጎን ለጎን ቆመን ተኮስን። የእኔ ዒላማ ንጹሕ። የእሱ ወንፊት። ቀዳዳው ከተሰጠው ጥይት በለጠ።

«ትርፉ የእኔ ነው» አልሁ።

«ቀዳዳ ላይ ስም አይጻፍም» አለ አሠሪው።

የቄሱ ልጅ ደግሞ አላፈረም። «አምስት እንጀራ ያበዛ አምላክ ቀዳዳ ማብዛት ያቅተዋል?» አለኝ።

ክረምቱን ሙሉ ለማኪና በር እየከፈትሁ ፊሽካ ነፋሁ። መስከረም ሲጠባ አሠሪው ንዝንዜ ሰለቸውና ፈተናው ይደገም አለ። ወደ አሠልጣኙ ተመለስሁ።

«አያ፣ ከመጀመሪያው ትምህርት እንነሣለን። በባዶ ሽጉጥ» አለኝ፣ በልጄ ዕድሜ ያለ ሰው።

የሰደበኝ መሰለኝ። ያንን ትምህርት ጥይት እስኪሰጡኝ እየተቁነጠነጥሁ ነበር ያለፍሁት። ቆምሁ፤ ምላጩን ሳብሁ። ቀጭ አለ። ወዲያው «ያባቴ ልጅ!» የሚል ሰማሁ። ዞር ብል ማንም የለም።

«ምነው አያ፣ ማንን ይፈልጋሉ? የፎከሩት አንቱ ነዎት እኮ!»

በአገራችን ሳይፎክር የሚተኩስ ወንድ የለም። ጠመንጃ ትከሻ ተደግፎ ይችለዋል። ሽጉጡ ግን ደረቴ በተነፋ ቁጥር ወደ ቄሱ ልጅ ዒላማ ይዞርብኛል። ፉከራዬን ተኩሱ እየዋጠው እኔው ራሴ አልሰማሁትም።

ፊደል የቆጠርሁት ሸምግዬ ነው፤ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ ማንበብ ሲያታግለኝ ኖሯል። አሁን ደግሞ ዝም ብሎ መተኮስ። በባዶ ሽጉጥ ቀጭ ቀጭ ሳደርግ፣ ከንፈሬን ስነክስ ሰነበትሁ። አባቴ ይቅር ይበለኝ።

ፈተናው ተደገመ። ተኮስሁ፤ ዝም። ደገምሁ፤ ዝም። የቄሱ ልጅ የራሱን ባዶ ዒላማ አየና አንገቱን ወደ እኔ አሰገገ።

«ምነው ዛሬ ዝም አልህ?»

«ምን ልበል?»

«እንደ ድሮው ፎክር እንጂ!»

ለካ ያ ሰው ቀድሞውንም ይሰማኝ ነበር።

ፊሽካውን ከአንገቴ አውልቄ በአንገቱ ያጠለቅሁለት ኅዳር ዐሥራ ሦስት፣ የሚካኤል ማግስት ነው።