የትንሿ ኮከብ እንቁላል

ፍራንሲና ኮርዶም ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ዓሣ ስታጥብና በጨው ስታሽ ኖራ፣ ጣቶቿ አልታጠፍ ሲሏት ከዓሣ ማድረቂያው ቤት ወጣች። ያኔ ሃምሳ ዓመቷ ነበር። ሪትሞንድ በምትባለው የባሕር ዳር መንደር እንዲህ ያለች ሴት ከዚያ በኋላ የምትሠራው የታወቀ ነው፤ የልጅ ልጅ ታሳድጋለች፣ ቤተ ክርስቲያን ታገለግላለች፣ በር ላይ ተቀምጣ አላፊ አግዳሚውን ታማለች። ፍራንሲና ግን ጎህ ሲቀድ እየተነሳች ከወንዙ አፍ አጠገብ ወዳሉት የጨው ኩሬዎች መሄድ ጀመረች። ባሏ ጌርት ነገሩ አልገባውም።

«ሰው ከዓሣ ሽታ ሲገላገል ቤቱ ይተኛል፤ አንቺ ጭቃ ለጭቃ ትንከራተቻለሽ» አላት።

«ወፎቹን ለማየት ነው የምሄደው።»

«ወፍ? ሠላሳ ዓመት ዓሣሽን ሲሰርቁሽ አላየሻቸውም?»

«ያኔማ ሳባርራቸው ነበር። አሁን ደግሞ ልወቃቸው።»

መምህር ቴኒስ ማልሄርባን ያገኘቻቸው እዚያው ኩሬ ዳር ነው። ጡረታ የወጡ፣ ከመንደሩ በላይ፣ ትልልቆቹ ቤቶች ባሉበት ሰፈር የሚኖሩ ሰው ናቸው። አንድ ቀን በመነጽራቸው ሲያዩ ቆይተው፣ ለራሳቸው የሚያወሩ በሚመስል ድምፅ «ይቺ ወፍ መቼ መጣች?» አሉ።

«ትናንት ከሰዓት» አለች ፍራንሲና ከኋላቸው። «ሁለት ነበሩ፤ አንደኛዋ ታነክሳለች።»

ዞረው አዩዋት። በማግሥቱ አሮጌ መነጽራቸውን አምጥተው አንገቷ ላይ አጠለቁላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አብረው ወጡ። እሳቸው የወፎቹን ስም ከነቤተሰቡ ነገሯት፤ እሷ ደግሞ የትኛው በየትኛው ማዕበል እንደሚበላ፣ የትኛው የት እንደሚያድር አሳየቻቸው። «መምህር» ትላቸዋለች፤ «ፍራንሲና» ይሏታል። በሠርግም በቀብርም የማይገናኙ ሁለት ሰዎች፣ ጭቃ ላይ እንደ ወንድምና እህት ሆኑ።

በስልክ የሚገናኘው የወፍ ተመልካቾች ቡድን ውስጥ ያስገቧትም እሳቸው ናቸው። ሠላሳ ያህል ሰዎች ናቸው፤ የክሊኒኩ ነርስ ሬታ ትመራቸዋለች። መስከረም ገብቶ የደቡቡ ነፋስ ሲነሳ፣ ከሰሜን የሚመጡት ወፎች ባሕሩን ይዘው መውረድ ሲጀምሩ፣ ስልኩ አያርፍም። አንዱ «ከድልድዩ ሥር አርባ ደርሰዋል» ይላል፣ ሌላው «የሆዷ ቀይ ቀለም ገና አለቀቃትም፣ ፎቶ ልኬያለሁ» ይላል። ፍራንሲና መጻፍ ስለሚያዘግማት በድምፅ ትልካለች። መልእክቷ ውስጥ ነፋሱ ይሰማል፣ ማዕበሉ ይሰማል፣ አንዳንዴም «ቆይ ቆይ፣ ተነሳች!» ስትል ይሰማል። ሬታ «የአንቲ ፍራንሲናን ድምፅ ሳልሰማ ቁርስ አልበላም» ትላለች።

አንድ ሕግ ነበራቸው። የመጣ ወፍ ይነገራል፤ ጎጆ ግን አይነገርም፤ ሰው ከበዛበት ወፏ ጥላው ትሄዳለችና።

በዚያ ዓመት መስከረም አጋማሽ ላይ ፍራንሲና ከአሸዋው ክምር በላይ ሁለት ትንንሽ ነጭ ወፎች አየች፤ ጥቁር ቆብ ያደረጉ፣ አየር ላይ ቆመው ወደ ውኃው የሚወረወሩ። የአገሩ ሰው ትንሿ ኮከብ ይላታል። ሌላ ቦታ እያለፈች ትታያለች እንጂ ሪትሞንድ ላይ ከሰፈረች ሃያ ዓመት አልፏታል። ወዲያው ለቡድኑ ተናገረች፤ የዚያን ቀን ስልኳ በደስታ መልእክት ሞላ። ጥቅምት ሲገባ ግን ከአሸዋው ክምር ጀርባ፣ ጠጠራማው ሜዳ ላይ አንድ እንቁላል አገኘች። ጎጆ የሚባል የለውም፤ ጠጠሩ መሐል ወፏ በደረቷ የቆፈረቻት ትንሽ ጉድጓድ ናት። እንቁላሉም ጠጠር ይመስላል፤ አንድ እርምጃ የሳተ ሰው ይረግጠዋል።

ሦስት ቀን ለብቻዋ ያዘችው። በአራተኛው አልቻለችም።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ግን ከእርስዎ እንዳይወጣ።»

«ከእኔ? አንቺ ደግሞ! ስንት ዓመታችን ነው?»

ወስዳ አሳየቻቸው። እንዳይረግጡት ብላ ሰባት ነጫጭ የባሕር ዛጎሎች ከሩቁ በመስመር ደረደረችላቸው፤ ከመጨረሻው ዛጎል ማለፍ የለም። መምህሩ ተንበርክከው በመነጽር አዩ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ከመሞቴ በፊት አየሁት» አሉ። ፍራንሲናም በመናገሯ ደስ አላት።

ከአሥር ቀን በኋላ ወደዚያ ስትሄድ የመኪና ጎማ ዱካ ጠጠሩ ላይ አየች። እየፈጠነች ደረሰች። እንቁላሉ ዙሪያ የጫማ ዱካ ሞልቷል፤ ሰው በሆዱ የተኛበት ቦታም አለ። እንቁላሉ አልተሰበረም። ግን ግማሹን አሸዋ ውጦታል። በጣቷ ጀርባ ነካችው፤ ቀዝቃዛ ነው። ወፎቹ ሰማይ ላይ የሉም። እስከ ቀትር ድረስ ርቃ ተቀምጣ ጠበቀች፤ አልመጡም።

በሦስተኛው ቀን ሬታ ቡድኑ ላይ አንድ ፎቶ ለጠፈች። አንድ የታወቀ ፎቶ አንሺ ለዓለም ያሳየው ነው፤ ትንሿ ኮከብ እንቁላሏ ላይ ክንፏን ዘርግታ፣ አፏን ከፍታ ትጮኻለች። ፎቶ አንሺው አምሮባት መስሎታል። ፍራንሲና ግን ፈርታ እንደሆነ ታውቃለች። ከወፏ ኋላ ሦስት ነጫጭ ዛጎሎች በመስመር ይታያሉ።

ሬታ «ይሄ የኛ ሜዳ ነው። ማነው የተናገረው?» ብላ ጻፈች።

ጀልባ የሚያከራየው ሄንድሪክ መለሰ፦ «እዚያ በየቀኑ የሚሄድ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሁላችንም እናውቃለን።»

ፍራንሲና ስልኩን ይዛ ጠበቀች። መምህሩ አሁን ይናገራሉ ብላ ጠበቀች። ከብዙ ቆይታ በኋላ መልእክታቸው መጣ፦ «ያሳዝናል። ሁላችንም አፋችንን መዝጋት መማር አለብን። የማንንም ስም አላነሳም።»

ለጌርት አነበበችለት። እንደገና እንድታነብ ጠየቃት።

«ስምሽን አላነሳም ነው የሚለው?»

«አዎ።»

«ይሄማ ከማንሳት ይብሳል» አለ ጌርት፣ ጫማውን ሊያጠልቅ እየተነሳ።

«አንተ ተቀመጥ። የምሄደው እኔ ነኝ።»

መምህሩ በረንዳቸው ላይ ሻይ እየጠጡ ነበር። ሲያዩዋት ስኒውን አስቀመጡ፤ ግን ተቀመጪ አላሏትም።

«ዛጎሎቹን የደረደርኩት ለማን ነበር?» አለቻቸው።

ስኒውን መልሰው አነሱ።

«መምህር፣ ለማን ነበር?»

«ፎቶ አንሺው በጣም ጠንቃቃ ሰው ነው፣ ፍራንሲና። አምስት ደቂቃ ብቻ ነው የምቆየው አለኝ። መጽሐፍ እያዘጋጀ ነው፤ ስሜን እንደሚያሰፍረው ነገረኝ። ዕድሜ ልኬን ስመዘግብ ኖሬ አንድም ቦታ ስሜ የለም። ይገባሻል?»

«ይገባኛል። ለሰውየው መንገርዎን እንኳ እተወዋለሁ። ቡድኑ ላይ ምን ብለው ጻፉ?»

«ያልኩት አጠቃላይ ነገር ነው...»

«እኔን ነው አሳልፈው የሰጧቸው።»

«ትንሽ ቀን ይለፍና ይረሳል። ሰው አንቺን ይወድሻል። እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ ከዚያ ቡድን ከወጣሁ ምን ይቀረኛል? እባክሽ።»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ቡድኑ ላይ የጻፉትን አርመው ይቅርታ ቢጠይቁ፣ ይቅር ብላ ትመለስ ነበር። ይህን «እባክሽ» ስትሰማ ግን ውስጧ የነበረው ነገር ሁሉ ጸጥ አለ። አሥራ አንድ ዓመት ከአጠገባቸው ስትቆም እኩያቸው የሆነች መስሏት ነበር። ለካ መረሳት የሚችል ስም የእሷ ነው፤ የእሳቸው ስም መጽሐፍ ላይ መስፈር ያለበት ነው።

«ስማ ቴኒስ» አለችው። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች፤ ግን አልመለሰችውም። «ለእንቁላሏ ብዬ ነው የነገርኩህ መስሎህ ነበር? ለብቻዬ ደስ ሊለኝ ስላልቻለ ነው። ያንን ነው የወሰድክብኝ።»

ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገድ ላይ ቆማ ለቡድኑ በድምፅ ተናገረች። አልጮኸችም። እንቁላሉን ማን እንዳገኘው፣ ለማን እንዳሳየች፣ ዛጎሎቹን ማን እንደደረደረ፣ አሁን በረንዳው ላይ ምን እንደተባለ ተናገረች። «ጥፋቴ አንድ ነው፤ ለአንድ ሰው ተናግሬያለሁ። ሕጋችንን ጥሻለሁና ይቅርታ» ብላ ጨረሰች።

ቴኒስ «አለመግባባት ነው» ብሎ ጻፈ፤ ማታውን ከቡድኑ ወጣ። ሬታ በማግሥቱ ከነነርስ ልብሷ መጥታ ፍራንሲና በር ላይ አለቀሰች። ሄንድሪክ ይቅርታ አልጠየቀም፤ ሱቅ ውስጥ ሲያገኛት ስለ ነፋሱ ያወራታል። አንዳንዶቹ ግን አንድ የተማረ ሽማግሌን በአደባባይ ማዋረዷ ልክ አልነበረም እያሉ መሆኑ ጆሮዋ ደረሰ። ያ ከሄንድሪክ ቃል በላይ ቆረጣት።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ትንንሾቹን ኮከቦች እንደገና አገኘቻቸው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር ወደ ደቡብ፣ መኪና የማይደርስበት ቦታ። ዳግመኛ እንቁላል ጥለዋል። ከሩቅ አየቻቸውና ወደ ኋላዋ ተመለሰች፤ ለጌርትም አልነገረችውም።

በዚያው ሳምንት ለጣቶቿ መድኃኒት ልትወስድ ክሊኒክ ስትሄድ ሬታ ያዘቻት።

«አንቲ፣ ድምፅሽ ጠፋብን እኮ። እነዚያ ወፎችስ? ከዚያ ወዲህ አላየሻቸውም?»

የሬታን ፊት አየች። ደግ ፊት ነው። ብትነግራት አትናገርም፤ ያንን ታውቃለች። ቴኒስንም እንዲሁ ታውቀው ነበር።

«አላየሁም፣ ልጄ» አለች።

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስላየችው ወፍ ስትዋሽ የመጀመሪያዋ ነበር። መድኃኒቱን ተቀብላ ወጣች፤ የክሊኒኩ ደረጃ ላይ ቁጭ አለች።