የፀዳል ፊትና ስም የለሹ ቅባት

እስቲ ይህን ፎቶ ተመልከቱት። ዓይናችሁን አታሽሹ። ከድንበር ማዶ ባለው የወደብ ከተማ፣ ካርቲየ 5 በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. በስልክ የተነሳ ነው። የሴትየዋ ጉንጮች ተልጠው ቀልተዋል፤ ከዓይኖቿ ሥር አብጧል። ስሟ ፀዳል ነው።

ፀዳል ከድሬዳዋ ከወጣች ስድስት ዓመቷ ነው። ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምግብ ታበስላለች፤ ከላይ የጋለ ቆርቆሮ፣ ከፊቷ የከሰል ፍም። ቆዳዋ ከልጅነቷ ጀምሮ ስስ ነው፤ ሳሙና ሲቀየርባት እንኳ ያሳክካታል። እዚህ በመጣች በሁለተኛው ዓመት ማድያት ወጣባት። መጀመሪያ እንደ ሻይ ጠብታ ነበር፤ ኋላ ተያይዞ ሁለቱንም ጉንጮቿን ያዘ።

«ፀዳል፣ ከሰሉን በፊትሽ ነው እንዴ የምትቆሰቁሺው?» ይሏታል ሾፌሮቹ።

ትስቃለች። ለቤተሰቧ ግን ፎቶ ልካ አታውቅም።

ቡላኦስ ገበያ ውዳድ የምትባል ነጋዴ አለች። ከሦስት ከአራት ዓይነት ቅባት እየጨለፈች፣ በማንኪያ አማስላ፣ ባዶ የፀጉር ቅባት ዕቃ ውስጥ ትሞላና ትሸጣለች። ምን እንደገባበት የሚናገር አንዲት ፊደል የለበትም። ፀዳል ስትጠይቃት፣ «አንቺ ውጤቱን እይ! ምን አስጨነቀሽ?» አለቻት። ሰው ለወጡ ሥጋ ሲገዛ ገልብጦ ያያል፤ ለፊቱ ሲሆን ዝም ብሎ ይቀባል!

ውጤቱስ ታየ። ማድያቱ ደበዘዘ። ፀዳል መስታወት ስታይ የራሷን ፊት ያገኘች መሰላት። ታናሽ እህቷ ስርጉት ድሬዳዋ ከፋሲካ በኋላ ልታገባ ነው፤ የብጉሯ ጠባሳ ጠቁሮ አልለቅ ብሏታል። ፀዳል አንድ ዕቃ ቅባት ጨምራ ገዛችና ወደ ድሬዳዋ ጭነት በያዘው ደንበኛዋ ሾፌር በጋሽ ጀንበሬ ላከችላት።

መኪናው በወጣ ማግስት ነው ነገሩ የተበላሸው። ጎረቤቷ ዓዚዛ፣ ጨርቅ ነጋዴዋ የድሬዳዋ ልጅ፣ እንደ ሰፈሩ ሴቶች ቀን ቀን ፊቷን ቀሲል ትለቀለቃለች፤ በውሃ የተበጠበጠ አረንጓዴ የቅጠል ዱቄት ነው። ፀዳልም ስለሚያቀዘቅዛት ትወደዋለች። የዚያን ቀን ግን ሁለቱ አንድ ላይ ቢሆኑ ይፈጥናሉ ብላ የውዳድን ቅባት ከቀሲሉ ጋር ለውሳ ተለቀለቀች። ሾፌሮቹ ሽሯቸውን እየጠበቁ ስለነበር ሳትታጠብ ምድጃው ፊት ቆመች። ፍሙ አደረቀው፣ ሰነጣጠቀው። ስትታጠበው ቆዳዋን ይዞ ወረደ።

ዓዚዛ ስታያት ጮኸች። «አቦ! ምን ነክቶሽ ነው? ቅጠሉንና መርዙን ማን አንድ ላይ ለውሺ አለሽ?» አፋፍሳ ሚኒባስ ውስጥ ከተተቻትና ክሊኒክ ወሰደቻት። ሐኪሙ በፈረንሳይኛ ይናገራል፣ ዓዚዛ ትተረጉማለች።

«ቅባቱ ቆዳሽን ቀስ በቀስ ሲያሳሳው ነበር ይላል። ተዪው። ሎሚ እንዳታስነኪው፣ እንዳታሺው። በውሃ ብቻ ታጠቢ፣ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ተቀቢ። ሲሽር የፀሐይ መከላከያና ሰፊ ባርኔጣ። ከፍሙም ራቂ፤ ሙቀቱ ራሱ ማድያት ያባብሳል ይላል።»

«ከፍሙ ርቄ ምን ልብላ?» አለች ፀዳል።

ይህን ዓዚዛ አልተረጎመችውም።

«ማድያቱ ይጠፋል ወይ በይው።»

«በወራት ይደበዝዛል ይላል። ጨርሶ መጥፋቱን ግን እንጃ።»

ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ፀዳል ደረቷን መታች። «ስርጉት!»

ለጋሽ ጀንበሬ ደወለች፤ ስልኩ አይሠራም፣ በረሃ ላይ ነው። ወደ ማምሻው ተገኘ።

«እህትዓለም፣ አደራሽን አድርሻለሁ። ትንሽ ለባለቤቴም ጨለፍ አድርጌላታለሁ፤ አትቆጪኝም አይደል?»

«ጋሽ ጀንበሬ፣ በእናትዎ፣ አሁኑኑ ቤት ይደውሉ! ትጣለው!»

እሺ ብሎ ዘጋ። ቀጥላ እህቷ ጋ ደውላ እንዳትቀባው ነገረቻት። ስርጉት ግን ዕቃውን ይዛ ልትቀባ ተቀምጣለች።

«ፀዲ፣ ቀናሽ እንዴ? አንቺ ጠርተሽ እኔ ዥጉርጉር ሙሽራ ልሁን?»

«አልጠራሁም፣ እህቴ።»

«ታዲያ ፎቶ ላኪያ! ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ፎቶ!»

ፀዳል ስልኩን ዘግታ ለዓዚዛ ሰጠቻት። «አንሺኝ።»

«በዚህ ፊት?»

«በዚህ ፊት።»

ፎቶው ሄደ። ስርጉት መልሳ ደወለች። «ጣልኩት» አለች። «ሰርጌ ላይ ግን ትመጫለሽ።»

«ድንኳኑ ከፀሐይ በደንብ ይከልላል?» አለች ፀዳል፤ ደክሟት ነበር።

ቁስሉ ጠገግ ሲል ባርኔጣዋን ደፍታ ወደ ምድጃው ተመለሰች። ወዴት ትሂድ? ውዳድም ቡላኦስ ተቀምጣ ታማስላለች፤ ምን አማሰልሽ የሚላት የለም።

ፎቶውን ለፈለጋችሁት አሳዩ ያለችው ፀዳል ራሷ ናት። እባካችሁ፣ ስሙ ያልተጻፈበት ቅባት የያዘች እህት፣ ሚስት፣ ጓደኛ ካለቻችሁ፣ ከመቀባቷ በፊት ዛሬውኑ አሳዩአት።