ማርቲን ያጠፋው ሁለተኛው ግርማ

ከአዲስ አበባ ሰፈሬ ከሀና ማርያም የወጣሁ ማታ ጎረቤት ሁሉ ሳሎኔን ሞልቶት ነበር። ጸሎት ተደረገ፤ ከጸሎቱ በኋላ ምክር ተጀመረ። ስለ አውሮፓ አብዝተው የመከሩኝ ከቃሊቲ ወዲያ ሄደው የማያውቁት ናቸው። ልጄ ናትናኤል ሻንጣዬን ታክሲ ላይ ጭኖ፣ “እማዬ፣ ቤቱ አለ፣ እኔም አለሁ፤ ሲሰለችሽ ትመለሻለሽ” አለኝ። የወጣሁት ይህን ቃል ይዤ ነው። ቤት ዘግቶ መውጣትና ቤት ውስጥ ልጅ ትቶ መውጣት አንድ አይደለም። የተሰደደ ሰው ይህን ያውቀዋል።

ጀርመን የመጣሁት ሴቷ ልጄ ሰላማዊት ጋ ነው። አገሩ ጥሩ ነው፤ ከፀሐይ በቀር ሁሉም ሰዓቱን ያከብራል። ፀሐይዋ ስትወጣም ለማብራት ብቻ ነው። ማሞቅ የሥራ ድርሻዋ አይደለም፤ እዚህ ማንም ከድርሻው ውጪ አይሠራም። ዳቦው ግድግዳ ቢሠሩበት ይችላል፣ እነሱ ግን ይኮሩበታል። ጎረቤቶቻችን ሰላም አይሉም ማለት ሐሰት ነው። ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ “ሃሎ” ይሉና መልሴን ሳይሰሙ በራቸውን ይዘጋሉ።

ስሜ አስቴር ወልዴ ነው። እዚህ “ፍራው ወልዴ” ነኝ፣ ወይዘሮ ወልዴ ማለት ነው። ጢማቸውን በየጠዋቱ ያበጥሩ የነበሩት አባቴ ከሞቱ በኋላ ወይዘሮ ሆኑ። አከራያችን ስሜን የበሩ ደወል ላይ ሊለጥፍ የመጣ ቀን፣ ሰላማዊት በመሃል እያስተረጎመች፣ እንዲህ ተባባልን።

“ፍራው ግርማ ልጅዎ ናት?”

“አዎ።”

“ታዲያ እርስዎ ለምን ግርማ አይደሉም?”

“ግርማ ባሌ ነበር።”

“እንግዲያው የባልዎ ስም የት ሄደ?”

“ባሌ ላይ ነው።”

ብዙ አሰበና፣ “ዝምድናችሁን የሚያሳይ ወረቀት አምጡ” አለ። የእኔና የልጄ አፍንጫ አንድ ነው፤ ግን አፍንጫ ማኅተም የለውም።

ክረምታቸው ሲገባ ሰላማዊት በረዶ ላይ ወድቃ ቀኝ እጇ ጄሶ ውስጥ ገባ። የምትሠራው አንድ የኮምፒውተር ድርጅት ውስጥ ነው። ወንድሟንም እሷው አስገብታው፣ ሀና ማርያም ቤታችን ቁጭ ብሎ ለዚያው ድርጅት በኮንትራት ይሠራል። እኔ ድሮ ታይፒስት ነበርኩና ጣት ሆንኩላት፤ እሷ ትናገራለች፣ እኔ እመታለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ናትናኤል ደወለ።

“ሰሊ፣ የጻፍኩት ኮድ አላልፍ አለኝ። ዛሬ ማታ ካልደረሰ ደንበኛው ለሌላ ይሰጠዋል።”

እንደነገሩኝ ከሆነ፣ የሚጽፉት ኮድ አንድ ማከማቻ ይቀመጣል፤ ክላውድ የሚሉት አገልግሎት ደግሞ ከዚያ እየወሰደ ያሠራዋል። ሁለቱን የሚያገናኘው ኮኔክሽን ይባላል። እሱ ከተቆረጠ ኮዱ የትም አይደርስም። ናትናኤል ደግሞ ይህ ሥራ ከቀረ የተገኘው አገር እንደሚሄድ ደጋግሞ ነግሮኛል። ያን ጊዜ ሀና ማርያም ያለኝ ግድግዳ ብቻ ነው።

“እማዬ፣ ያሉትን ኮኔክሽኖች ዘርዝር በይው” አለችኝ ሰላማዊት።

ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍቼ “ሊስት ኮኔክሽንስ” የሚለውን መታሁ። የሠራተኞቹ ስም ከላይ ወደ ታች ወረደ። ግርማ የሚል አንድ ብቻ ነበር።

“ሁለተኛው ግርማስ?” ብላ አለቃቸው ማርቲን ጋ ደወለች። ስክሪኑ ላይ ፈገግ ብሎ መጣ።

“ግርማ አንድ፣ ግርማ ሁለት የሚል አገኘሁ። አንቺኑ ሁለት ጊዜ የመዘገብኩሽ መስሎኝ ሁለተኛውን አጠፋሁት። ዝርዝሩ አሁን ንጹሕ ነው!”

“ወንድሜን እኮ ነው ያጠፋኸው!”

“ወንድምሽ? በአንድ ስም?”

“በአንድ አባት!”

እናትና ልጅን ባዳ ያደረገ አገር እህትና ወንድምን አንድ ሰው አደረጋቸው። ማርቲን አጥብቆ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታ እዚህ አገር በነጻ ነው፤ የማይገኘው ተጨማሪ ሰዓት ነው።

አዲስ ኮኔክሽን ፈጠርን። እንደገና ስዘረዝር የናትናኤል ወጣ፣ አጠገቡ ግን “ፔንዲንግ” ይላል።

“ምን ማለት ነው?”

“ይጠብቃል ማለት ነው። ናቲ ራሱ ገብቶ ካልፈቀደ አይሠራም።”

የመኖሪያ ፈቃዴም ኢሚግሬሽን ውስጥ እንዲሁ ነው የሚለው። ቤተሰባችን በሙሉ ፔንዲንግ ሆነ።

“ታዲያ ይግባና ይፍቀዳ!”

“እማዬ፣ መብራት ጠፋ” አለ ናትናኤል በስልኩ። “ኢንተርኔቱም አብሮት ሄደ። ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ጄኔሬተር ያለው ካፌ አለ፣ ታክሲ ልያዝ።”

እሱ በታክሲ፣ እኔ በጣቴ ስንሮጥ ቆየን። መታሁ፣ ፔንዲንግ። ደግሜ መታሁ፣ ፔንዲንግ።

“እማዬ፣ ስለዘረዘርሽው አይፈጥንም እኮ!”

“ዝም ብዬ ብቀመጥስ ይፈጥናል?”

ናትናኤል ደወለ። “ደርሻለሁ። አስተናጋጇ ግን ያልበላ ሶኬት አይነካም ብላኝ ፓስታ አዝዣለሁ።”

“ብላና ፍቀድ” አልኩት።

በመጨረሻ ስመታ “አቬይለብል” አለ። ተገናኝቷል ማለት ነው። ሰላማዊት ጮኸች፤ ጎረቤት ግድግዳውን መታ። ኮዱ በሰዓቱ ደረሰ። እኔም ልጄ ቤቱ ቀረልኝ ብዬ ተነሥቼ እራት ሠራሁ።

እራት ሳይቀርብ ናትናኤል እንደገና ደወለ።

“እማዬ፣ ማርቲን አነጋገረኝ። እንዲህ ያለ ሰው መብራት በሚጠፋበት ቦታ መቀመጥ የለበትም፣ ወደ እኛ ና፣ ቪዛውን ድርጅቱ ይጨርሳል አለኝ።”

ሰላማዊት በደህና እጇ ጭኗን እየመታች ታጨበጭባለች። ከሰዓቱን ሙሉ እዚያው እንዲቀር ስመታለት ውዬ፣ እዚህ የሚያመጣውን መንገድ ነው የጠረግኩለት።

“ምን አልከው?”

“አስብበታለሁ አልኩት።”

ድምፁን አውቀዋለሁ፤ አስቦ ጨርሷል።

“ጥሩ ነው። አሁን የት ነህ?”

“ቤት ገብቻለሁ፣ ሳሎን።”

“በሩን ክፈትና ስልኩን ወደ ውጭ አዙረው።”

“ምን አለና? የጎረቤት ልጆች በጨረቃ ኳስ ሲራገጡ ነው እንጂ።”

“አዙረው አልኩህ፤ አንተ እዚያ እያለህ ሰፈሬን ልስማው።”

አዞረው። “እማዬ፣ ይሰማል?” አለኝ ከሩቅ።

“ይሰማል። አንተ ዝም በል።”