የቀዘቀዘው ናሙና

የላቦራቶሪ ሠራተኛዋን ባልደረቦቿ «ንስር» ይሏታል፤ እሷም ስሙን አልጠላችውም። ማይክሮስኮፕ ላይ ካጎነበሰች ቤቱ ቢፈርስ ቀና አትልም። «የለም» ካለች የለም፤ ሐኪሞቹም ሁለተኛ አይጠይቋትም። ጉራ ነው ብትሉ አልከራከርም፤ ግን ሥራውን የሚያውቅ ሰው ቢኮራ ምን አለበት?

አንድ ቀን ጠዋት ታላቅ እህቷ ናሙና ይዛ መጣች። እህትየው ልብስ ሰፊ ናት፤ የገዛ ሰውነቷ መከላከያ መገጣጠሚያዎቿን እያጠቃ ጣቶቿ አብጠው መርፌ መያዝ ተስኗታል። ሐኪሙ ይህን መከላከያ የሚያደክም ብርቱ መድኃኒት ሊጀምርላት አስቦ፣ በቅድሚያ ሰገራዋ ይመርመር ብሎ ላካት። ልክ ነው። አንጀት ውስጥ ተደብቆ የኖረ ትል ካለ፣ አደብ አስይዞት የኖረው ያው መከላከያ ነው። ጠባቂው ሲደክም ትሉ ያለልክ ይራባል፤ አንጀቱን እየበሳ ሲወጣም ባክቴሪያ ይዞ ወደ ደም ይገባል። ንስር በዚህ ሰበብ የሞተ በሽተኛ ታስታውሳለች።

አየች፤ ምንም የለም። ደግማ አየች፤ የለም። ውጤቱን ልትጽፍ ስትል እጇ የናሙናውን ዕቃ ነካው፤ ቀዝቃዛ ነው። እህቷን ከኮሪደር ጠርታ የት አስቀምጣው እንደነበር ጠየቀቻት። እህትየው ወዲያ ወዲህ ስትል ቆይታ፣ ማታ ፍሪጅ ውስጥ ከሽንኩርቱ ጀርባ እንደሸሸገችው አመነች። ታናሽ እህቷ ፊት የሚሸት ነገር ይዛ መቅረብ አሳፍሯት ነው።

ንስር መጀመሪያ ሳቋ መጣ፣ ቀጥሎ ተናደደች። ይሄ ትል በማይክሮስኮፕ የሚታየው ሲንቀሳቀስ ነው፤ ብርድ ከመታው አለቀለት፣ ቢኖርም አይገኝም። ትኩስ እንድታመጣ ነገረቻት። እህትየው አሻፈረኝ አለች፤ ደንበኞቿ እየሸሹ ነው፣ መድኃኒቷን ዛሬ ትፈልጋለች።

«የለም ብለሽ ጻፊልኝና ልገላገል» አለች።

«ብጽፍልሽ ገዳይሽ እኔ ነኝ» አለች ንስር። «እዚያ ተቀምጠሽ ውሃ ጠጪ። ሲመጣ ይመጣል።»

ከሰዓት በኋላ መጣ። ንስር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ ጠበቀች፤ ከሥሩ የዘቀጠውን ጠብታ ስታይ አንድ ቀጭን ነገር ሲፈራገጥ አገኘችው። እፎይ አለች። ከታወቀ መድኃኒት አለው፤ ትሉ መጀመሪያ ይጠፋል፣ የጣቶቿ ሕክምና ከዚያ ይቀጥላል። እህቷ ትኑርላት እንጂ ደንበኛ ይመለሳል።

እህትየው በማይክሮስኮፑ አይታ ፊቷን አጨማደደችና ትሉ ከየት እንደያዛት ጠየቀች። ንስር እንደ መምህር ቆማ አብራራች፤ በባዶ እግር እርጥብ አፈር ሲረገጥ በቆዳ እንደሚገባ፣ እዚያው እየተራባ ዕድሜ ልክ እንደሚቆይ፣ ምናልባትም በልጅነቷ የአባታቸውን አትክልት ስታጠጣ እንደያዛት ነገረቻት።

«አብረን አልነበር እንዴ የምናጠጣው?» አለች እህትየው።

ንስር የስንቱን ሰው ናሙና ስታይ ኖራ የራሷን አንድም ቀን አላየችም። ከመደርደሪያው ባዶ ዕቃ አነሳችና ክዳኑ ላይ የገዛ ስሟን ጻፈች።