የዴንግ በሬ

ጁባ ሳለሁ ነው። አለቃዬ በወጣትነቴ የቀበሌ ኪነት ውስጥ መጨፈሬን ሰምቶ፣ ንያኩሮን አዳራሽ ለሚቀርብ ዘመናዊ ውዝዋዜ ማብራሪያ እንድጽፍ ላከኝ። የውዝዋዜው ጉዳይ እንስሳና ወንድነት ነው።

ልምምዱን የሚመራው ዴንግ የሚባል፣ ኢትዮጵያ ያደገ፣ አማርኛው ከኔ የማይተናነስ የዲንካ ሰው ነው። ሁለት እጁን እንደ ቀንድ ሽቅብ ቆልምሞ፣ ለመሬቱ የሚሳሳ ይመስል ቀስ ብሎ ይረግጣል። አላስቻለኝም።

«ዴንግ፣ ይሄ ኮርማ ነው ጊደር? ወንድ እኮ ነው የምታሳየው! ቁጣው የት አለ?»

ተነስቼ ራሴ አሳየሁት። እጆቼን ቀሰርኩ፣ ወለሉን በጫማዬ ጫርኩ፣ በአፍንጫዬ አናፋሁ፣ ግድግዳውን ልወጋ ተንደረደርኩ። ተወዛዋዦቹ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ወለል ወለሉን ያያሉ። የተመሰጡ መስሎኝ ደገምኩላቸው።

ዴንግ እስክጨርስ በትህትና ጠበቀኝ።

«ጋሼ» አለ፣ «እኛ ዘንድ ጎረምሳ ሲጨፍር የሚሆነው የሚወደውን፣ እሱ ራሱ በስሙ የሚጠራበትን በሬ ነው። ያ በሬ ደግሞ የተኮላሸ ነው።»

እጆቼ ገና እንደተቀሰሩ ናቸው።

«የተኮላሸ?»

«አዎ። የእርስዎን ግን እንጃ።»