ንፋስ መውጫ የሰነበተ አደራ

አስናቀ ንፋስ መውጫ ከገባ አምስተኛ ቀኑን ይዟል። በተከራያት ጠባብ ክፍል፣ ከአልጋው ሥር፣ ግማሽ ጆንያ የገንፎ ዱቄትና አንድ ባልዲ ቅቤ ተቀምጧል። ሁለቱም የእሱ አይደሉም። የወገዳ ጎረቤቱ እትየ ማንአለሽ፣ አዳማ ለወለደችው ልጃቸው ለሳሮን የላኩት ነው።

ወገዳ ውስጥ ከባድ መኪና የሚነዳ ሰው ካለ፣ እናቶች ርቀው ላሉ ልጆቻቸው የሚልኩትን ለእሱ ይሰጣሉ። አይከፈልበትም፤ እንቢም አይባልም። አስናቀ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በርበሬ፣ በሶና ድርቆሽ፣ አንድ ጊዜም እግሯ የታሰረች ዶሮ አድርሷል። የጎደለበት የለም።

አሁን ግን መኪና የለውም። በጥር ወር ይሠራበት የነበረው የጭነት ድርጅት ከሌላ ድርጅት ጋር ተዋሐደ። አዲስ መዋቅር ወጣና የሠራተኛው ድልድል አዲስ አበባ ባለው ግቢ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። አስናቀ ስሙን ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ ፈለገ። ከኋላው የቆመ ሰው፣ “ጨርሰህ ከሆነ እኛም እንይ” ሲለው ነው ዞር ያለው። ወገዳ ሲገባ ሚስቱ ልደት፣ “ፈቃድ ወጥተህ ነው?” አለችው። “አዎ” አለ። ፈቃዱ ሲረዝምባት፣ መኪናው ንፋስ መውጫ ጋራዥ ገብቷል አላት። መኪናው ጋራዥ ከገባ ሁለት ወር ሞላው።

እሑድ ዕለት እትየ ማንአለሽ ዕቃውን አሸክመው መጡ።

“እንኳን ማርያም ማረችልዎ” አላቸው።

“ማረችልኝ፣ ወንድ ነው። ጾሙ አራስን አይመለከትም፤ ቅቤው ሳይሰነብት ይድረስላት። ካንተ በላይ ማን አለኝ?”

ልደት ከአጠገቡ ቆማለች። እጁን ዘርግቶ ባልዲውን ተቀበለ። “ነገ እወጣለሁ” አለ።

እውነትም ሰኞ ወጣ፤ በሚኒባስ። ከዚያ ወዲህ ከጠዋት ጀምሮ አስፋልቱ ዳር እየቆመ የሚያውቀው ሾፌር ይጠባበቃል። የአራስ ዕቃ ላልታወቀ ሰው አይሰጥም። አርብ ረፋድ ላይ ከወረታ በኩል አንድ ባዶ ተሳቢ መጣ። ዳገቱ ላይ ማርሽ ሲቀይር በድምፁ አወቀው፤ እሱ ይነዳው የነበረው መኪና ነው። የሚነዳው ዘመኑ ነበር፣ የቀድሞ ረዳቱ።

“ጋሼ፣ እንደ ትራፊክ መንገድ ዳር ቆመህ ልትቀጣኝ ነው?” አለ ዘመኑ እየሳቀ፣ መኪናውን ዳር አስይዞ ሲወርድ። ትከሻ ለትከሻ ሰላም ተባባሉ። ሳቁ ቶሎ አለቀ። አስናቀ በተከፈተው በር ወደ ውስጥ አየ። ልደት የሰፋችው የወንበር ልብስ ተነሥቷል።

“አዳማ የምታደርስልኝ ዕቃ አለ። የአራስ ነው።”

“ምን ገዶኝ። ላኪዋ እኔ እንደማደርሰው ያውቃሉ?”

“አያውቁም። አስናቀ ጉዳይ ገጥሞት ነው በላት ለልጅቱ።”

ዘመኑ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ። “ጋሼ፣ ላኪው ሳያውቅ አደራ እጅ አይለውጥም ያልከኝ አንተ ነህ። ኮምቦልቻ ላይ በሰው ፊት የተቆጣኸኝን እኔ አልረሳሁም። ነገ ቅቤው ተበላሸ ቢባል ማን ሊጠየቅ ነው? ደውልላቸው።”

ደወለ።

“እሰይ፣ ደረስህ? ልጁን አየኸው?” አሉ እትየ ማንአለሽ።

“አልደረስኩም። ንፋስ መውጫ ነኝ።”

“እስካሁን? መኪናው እንቢ አለህ?”

“መኪና የለኝም፣ እትየ። ከጥር ጀምሮ ከሥራ ተቀንሻለሁ።”



“ታዲያ ለምን ተቀበልኸኝ?” አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ነገሩ ያልገባው ሰው ጥያቄ ነው።

“አፍሬ ነው።”

“ብትነግረኝ ሌላ ሰው እፈልግ ነበር እኮ። እሷ እዚያ ‘እማ፣ አልመጣልኝም’ እያለች ትደውላለች፤ እኔ ‘አስናቀ ይዞታል፣ አትስጊ’ እላታለሁ።” ቀጥለውም፣ “አሁን ማን ነው የሚያደርሰው? እስቲ እሱን አገናኘኝ” አሉ።

ስልኩን ለዘመኑ ሰጠው። ዘመኑ ኮፍያውን አወለቀ። “አቤት እናቴ… እሑድ እገባለሁ… በእጇ ነው የምሰጣት…” አስናቀ ከጎን ቆሞ፣ “አደራህን” የሚለው ቃል ለሌላ ሰው ሲባል ሰማ።

ዕቃውን ጫኑ። ዘመኑ ኮፍያውን መልሶ ደፍቶ ሄደ።

የእትየ ማንአለሽን ግቢ ከልደት ግቢ የሚለየው አንድ አጥር ነው። አስናቀ በቆመበት እንደገና ደወለ።

“ልደት፣ ከሰው ሳትሰሚው አንድ ነገር ልንገርሽ።”

“ቆይማ፣ ሽሮው ሊገነፍልብኝ ነው። ላውርደው፣ ስልኩን እንዳትዘጋው።”

ስልኩን ስታስቀምጥ፣ ከዚያ ድስቱ ሲነሣ ተሰማው። አውራ ጣቱ መዝጊያው ላይ አረፈ። ጣቱን መልሶ አነሣ፤ ልደትን ጠበቃት።