የጭድ ቤት ሃምሳኛ ዓመት

ፍልሰታ በተፈታ ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እናቴን ይዤ ከአዳማ ተነሳሁ። የምንሄደው አቃቂ ነበር፤ ከአቃቂም ጭድ ቤት ወደምትባለው፣ ከወንዙ ከፍ ብላ ወዳለችው ትንሽ መንደር። ያደግኩት እዚያ ነው። እድሩ የመንደሯን ሃምሳኛ ዓመት ሊያከብር ተሰናድቶ፣ “ታሪኩን ወይዘሮ አስካለ ይንገሩን” ብሎ ሰው ልኮብን ነበር። አስካለ እናቴ ናት። ከመሥራቾቹ ዛሬ በሕይወት ያሉት ሁለት ሴቶች ብቻ ናቸው፤ እሷና እማማ ጫልቱ። ሁለቱ ደግሞ ከተኳረፉ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል።

“ተናግሬ እመለሳለሁ፤ ምሳ እንኳ አልበላም” አለችኝ እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች።

“እማማ ጫልቱንስ ሰላም አትያቸውም?”

“ካለችኝ እላታለሁ።”

በአሮጌው መንገድ

በፈጣኑ መንገድ ብንሄድ ቶሎ እንደርስ ነበር። እናቴ ግን “እሱ ደግሞ ምን ያሳያል? አጥርና አስፋልት!” ብላ በአሮጌው ካልሆነ አሻፈረኝ አለች። እስከ ቢሾፍቱ በአንድ ሚኒባስ፣ ከዚያ ደግሞ በሌላ ሄድን። ሞጆ ላይ የቆዳ ፋብሪካው ሽታ በመስኮት ገብቶ ሁላችንንም አፍንጫችንን አስያዘን። ከሞጆ ወዲህ ማሳው ሁሉ በጤፍ ቡቃያ አረንጓዴ ሆኖ፣ ውሃ በየቦዩ ቆሟል።

ቢሾፍቱ መናኸሪያ ላይ የተጠበሰ በቆሎ ገዛሁ። አንዱ ሠላሳ ብር ነው።

“በዚህ ብር ድሮ ማሳውን ነበር የምገዛው” አለቻት እናቴ ሻጯን።

“ታዲያ ያኔ አይገዙትም ነበር፣ እናቴ?” አለች ልጅቷ፤ ስቃም ትልቁን መርጣ ሰጠቻት።

ዱከምን ካለፍን በኋላ እናቴ ፊቷን ከመስኮቱ አላዞረችም። አባቴ በዚያ መስመር የባቡር ሐዲድ ጠጋኝ ነበር። ባቡሩ ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ሐዲዱ አንድ ቦታ ከሣር መሐል ብቅ ይልና አንድ ሱቅ ሥር ገብቶ ይጠፋል። ገላን ስንደርስ የጭነት መኪኖች የተደረደሩበትን ሰፊ ግቢ አሳየችኝ። “ይሄ ሁሉ ሽንብራ ነበር። አባትሽ እዚህ ሲሠራ ምሳውን ይዤለት ስመጣ፣ እሸቱን እየነቀልኩ ነበር የምመጣው።” እኔ የማየው የመኪና ጎማ ነው፤ እሷ ግን እሸቱን እያየች እንደነበር ከፊቷ ያስታውቃል።

ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች ስር ስናልፍ ዝናብ ጀመረ። አቃቂ ወርደን ባጃጅ ያዝን። ሹፌሩ ጭቃው ጋ ሲደርስ “ከዚህ አያልፍም፣ እናት” ብሎ አወረደን። የቀረውን በእግራችን፣ እናቴ ክንዴን ይዛ፣ እየተንሸራተትን ወጣነው።

ግንቡ

መንደሩ መግቢያ ላይ የድሮ ቤታችን ነበረ። አሁን መጋዘን ነው፤ ዙሪያውን በረጅም የብሎኬት ግንብ ታጥሯል። አባቴ ሲሞት እናቴ ቤቱን ለአንድ ነጋዴ ሸጣ፣ ወንድሜ ወዳለበት አዳማ ተዛወርን። ሰውየው ግንቡን የጀመረው እኛ ዕቃ በምንሸክፍበት ሳምንት ነው። በግቢያችን ጥግ ወደ ወንዝ የምትወርድ ቀጭን መንገድ ነበረች፤ የኋላ ጎረቤታችን እማማ ጫልቱ ላሞቻቸውን ውሃ የሚያወርዱባት። ግንቡ ዘጋት። እማማ ጫልቱ ሊሸኙን አልመጡም። እናቴም “የሃምሳ ሎሚ ጌጤ እንዳልነበረች፣ ዓይኗን እንኳ ሳታሳየኝ!” ብላ ቂም ይዛ ሄደች። ከዚያ በኋላ ያን ሰፈር እግሬ አይረግጠውም ብላ ነበር።

ግንቡ አጠገብ ስናልፍ የእናቴ እርምጃ ፈጠነ።

ድንኳኑ ውስጥ

ሰው ሞልቷል። ግማሹ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከገላን፣ ከየተበተነበት የመጣ ነው። እየተሳሳምን፣ “አንቺ ያቺ ቀጭኗ አይደለሽም?” እየተባባልን ወደ ፊት ሄድን። እማማ ጫልቱ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ዝቅ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ስል ቀና አደረጉኝና ደጋግመው ሳሙኝ።

“ኮቱ፣ ኮቱ ልጄ፣ ነይ እቅፌ! ምነው ከሳሽ? አዳማ እህል የለም እንዴ?” ድምፃቸውን ከፍ ያደረጉት እናቴ እንድትሰማ ነው። እናቴ ሰምታለች፤ ግን ቀጥ ብላ ወደ ድምፅ ማጉያው አለፈች።

“ያን ክረምት የምንኖረው ወንዙ ዳር ነበር” ብላ ጀመረች። “ባሎቻችን የባቡርና የፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። አቅማችን የፈቀደውን ጎጆ ቀልሰን ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወንዙ ሞልቶ መጣ። ድስት አላነሳን፣ ብርድ ልብስ አላነሳን፤ ልጆቻችንን ብቻ ይዘን ዳገቱን ወጣን። ኦቦ ቱፋ የሚባሉ ገበሬ ደጃቸው ላይ ቆመው ‘ግቡ! ግቡ!’ ይሉ ነበር። የስንዴ ጭድ የሚያኖሩበትን ቤት ከፈቱልን…”

“የጤፍ!” የሚል ድምፅ ከፊት ወንበር መጣ። እማማ ጫልቱ ናቸው፤ የኦቦ ቱፋ ልጅ።

እናቴ ቆም አለች። “ምን አልሽ?”

“የጤፍ ጭድ ነበር። የአባቴን ጎታ እኔ አውቃለሁ።”

“የተኛሁበት እኔ ነኝ ጫልቱ። ጀርባዬን ሲወጋኝ ነው ያደረው። የጤፍ ጭድ ይወጋል?”

“የወጋሽ ቁንጫ ነው!”

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። የእድሩ ዳኛ ብልህ ሰው ናቸው፤ አንድ ወንበር አንስተው ከእናቴ ጎን አኖሩና “እማማ፣ እንግዲህ አብረው ይንገሩን” አሏቸው። እማማ ጫልቱ እንደመግደርደር ብለው ወጥተው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ ታሪኩ ክርክር ሆነ። አንዷ ክረምቱን ሙሉ ጭድ ቤት ውስጥ እንደኖሩ ስትናገር፣ ሌላዋ ላሞቹ ጭዳቸው ስለተተኛበት እንደከሱ ትጨምራለች። አንዷ ኦቦ ቱፋ ለየቤተሰቡ መሬት በገመድ ለክተው እንደሰጡ ስትናገር፣ ሌላዋ “ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ” ትላለች።

“ዋናውን ዘለልሽው” አሉ እማማ ጫልቱ በመጨረሻ። “ያኔ ትኩሳት ይዞሽ ጡትሽ ደርቆ አልነበረም? ይቺን ልጅ ከልጄ ጋር በግራና በቀኝ ማን አጠባት?”

“ልደርስበት ነበር።”

“መቼ?”

“አንቺ እያቋረጥሽኝ መቼ ልድረስ!”

ሰው ሊስቅ ጀምሮ ተወው፤ የእናቴ ድምፅ ተሰብሮ ነበር። ድምፅ ማጉያውን ወደ አፏ አስጠግታ፣ “ልጄ የዳነችው በጫልቱ ጡት ነው” አለች። እኔ ነገሩን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። እናቴ በሰው ፊት ስትናገረው ግን መስማቴ የመጀመሪያዬ ነው። የት እንደማይ ጠፋኝ።

ምሳ አልበላም ያለችው እናቴ ከእማማ ጫልቱ ጋር ከአንድ ትሪ በላች። ዝናቡ ሲያባራ ሁለቱ ተነስተው ወደ ግንቡ ሄዱ። እንዳይወድቁ ብዬ ከኋላ ተከተልኳቸው።

“ስሸጥለት እንዲህ ያጥረዋል ብዬ መች አሰብኩ” አለች እናቴ።

“እስክሸጣቸው ድረስ ላሞቼን በፋብሪካው በኩል አዙሬ ነበር ውሃ የማጠጣቸው።”

“ታዲያ መጥተሽ አትሰድቢኝም ነበር? ሳትሸኚኝ ቀረሽ።”

እማማ ጫልቱ እጃቸውን ግንቡ ላይ አሳረፉ። “ብመጣ ማልቀሴ አይቀርም ነበር። ለላሞቹ ይሁን ላንቺ እኔም አላውቀውም።”

“ይቅር በይኝ፤ ሳልሸጥ ልጠይቅሽ ይገባ ነበር።”

“አዎ፣ ይገባ ነበር” አሉ እማማ ጫልቱ። ቆይተው ደግሞ “ጭቃው ያዳልጣል፤ ያዢኝ” አሏት።

መመለስ

ማምሻውን ልንነሳ ስንል እናቴ “እስከ እንቁጣጣሽ ልቆይ” አለችኝ። ልብስ አልያዝሽም ብላት፣ እማማ ጫልቱ “የኔን ትለብሳለች፤ ድሮስ የማንን ለብሳ ነው?” አሉ። ብቻዬን እስከ ቃሊቲ መናኸሪያ ሄጄ በፈጣኑ መንገድ ተመለስኩ። እውነትም ምንም አያሳይም።

መኪናው ውስጥ ተቀምጬ ሳስብ፣ ለእነዚህ ሁለት ሴቶች ሽማግሌ ለመላክ ስንት ጊዜ እንደመከርን ትዝ አለኝ። ለካ የጎደላቸው አስታራቂ አልነበረም። የመንደሯን አመሠራረት ሌላ የሚያስታውስላቸው ሰው የለም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ እያንዳንዳቸው ግማሹን ታሪክ ብቻቸውን ተሸክመው ከርመዋል።

ቤት ስደርስ ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ “እማዬስ?” አለኝ። ቀረች ብዬ ብነግረው አላመነም፤ ስልኩን አውጥቶ ደወለላት። ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጎት ስለነበር እኔም ሰማሁ። ከኋላዋ የእማማ ጫልቱ ድምፅ ጎልቶ ይሰማል።

“እማዬ፣ ደህና ነሽ?”

“ደህና ነኝ። አሁን አልችልም፤ እየተከራከርን ነው” አለችና ዘጋችው።